የባለድልን ስም ስለ መርሳት

ባለድል በሁለት መንገድ ይረሳል። አንደኛው፣ ሰዎች አስበውና ተማክረው ስሙን ሲፍቁት ነው። ሁለተኛው፣ ማንም ሳያዛቸው ስሙን መጥራት ሲተዉ ነው። የመጀመሪያውን ሁላችንም እናወግዛለን፤ ሁለተኛውን ግን አብዛኞቻችን እንሠራዋለን። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህን ሁለተኛውን ለመክሰስ ነው። ከተከሳሾቹ አንዱ እኔ ራሴ መሆኔን ወጣቱ አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮም የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ሊጠይቀኝ ወደ አሊዩ አምባ መጥቶ ሰነበተ። በጨዋታችን መካከል ከዚያ በፊት ስሙን እንኳ ሰምቼው የማላውቀውን የአንድ ቦክሰኛ ታሪክ አጫወተኝ። ታሪኩ ልቤን ስለ ነካው በማግሥቱ ወደ ሻይ ቤት ወርጄ ለመንደሩ ወጣቶች ነገርኋቸው። ለእናንተም ለእነሱ እንደ ነገርኋቸው አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ቦክሰኛው ሌዎኔ ያኮቫቺ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1902 በኮንጎ ምድር ከኢጣልያዊ አባትና ከኮንጎ ተወላጅ እናት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወደ ኢጣልያ ተወስዶ ቪቴርቦ በምትባል ከተማ ከአባቱ ዘመዶች ዘንድ አደገ። በጉርምስናው ከቤት ወጥቶ በመርከብ ተቀጠረ፤ እንግሊዝ አገርም ደረሰ። ከዚያ በኋላ ጃክ ዎከር በሚል ስም ቦክስ መግጠም ጀመረ። ፓሪስ ሲገባም ሰው ሁሉ የአሜሪካ ጥቁር ነው ብሎ ያምነው ነበር፤ እርሱም እንዲሁ ብለው እንዲያምኑ ተዋቸው። ጥቁር ሆኖ አሜሪካዊ መባል ይቻላል፤ ጥቁር ሆኖ ኢጣልያዊ ነኝ ማለት ግን በዚያ ዘመን ማንም የማይቀበለው ነገር ነበርና።

በኋላ ግን እውነተኛ ስሙን ገልጦ በአባቱ አገር ስም ለመግጠም ጠየቀ። ኢጣልያዊነቱን እስኪቀበሉት ድረስ ብዙ ደጅ ጠና። በመጨረሻም ሰኔ 17 ቀን 1920 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1928) በሮማ ስታዲየም፣ በአሥር ሺሕ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት፣ ከማርዮ ቦዚዚዮ ጋር 15 ዙር ተጋጠመ። በነጥብም አሸነፈ። በዚያች ቀን የኢጣልያም የአውሮጳም የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን ሆነ።

በዚያን ጊዜ ኢጣልያን የሚገዛው ሙሶሊኒ ነበር። ፋሽስቶቹ ጥቁር ሰው የኢጣልያ ጉልበት ምሳሌ ሆኖ እንዲታይ አልፈለጉም። ግጥሚያው በፊልም ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን ያኮቫቺ የበላይነቱን ያሳየባቸው ዋና ዋና ክፍሎች ተቆርጠው ወጡ። ፊልሙን የሚያይ ሰው ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ ያያል፤ ጥቁሩ እንዴት አድርጎ እንዳሸነፈ ግን አያይም። ያኮቫቺ በተከታዩ ዓመት የአውሮጳን ማዕረግ ለፈረንሳዊው ለማርሴል ቲል ለቀቀ፤ ከዚያም ስሙ ከሰው አፍ እየጠፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሚላኖ ውስጥ ሲሞት የአንድ ሕንፃ በረኛ ነበር። ማውሮ ቫሌሪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ እስካወጣለት ድረስ በገዛ አገሩ ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነበር።

ልብ በሉ፤ ፋሽስቶቹ ቦክስን ጠልተው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ፕሪሞ ካርኔራ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን የፋሽስት ጉልበት ምሳሌ አድርገው በየአደባባዩ አሳዩት። ያኛውን ደበቁ፤ ይኸኛውን ሰቀሉ። ልዩነቱ የቆዳ ነበር። ያን የሰቀሉትን ካርኔራን ደግሞ ጆ ሉዊስ የተባለው የአሜሪካ ጥቁር በሰኔ 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) ኒውዮርክ ላይ በስድስተኛው ዙር ጣለው። ይህ የሆነው የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወሰናችንን ከመሻገሩ ከሦስት ወር በፊት ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የኢጣልያ ግጥሚያ አድርገው ቈጥረውት ነበርና በየመንገዱ ወጥተው ተደሰቱ።

ይህን ሁሉ ለሻይ ቤቱ ወጣቶች ስነግራቸው በያኮቫቺ ላይ በተሠራው ግፍ ተቈጡ። አንዱ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ሌላው፣ «ጋሼ፣ እንዴት ሰው የራሱን ሻምፒዮን ይክዳል?» አለኝ። እኔም ቍጣቸውን ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ቍጣቸውን ልፈትን ብዬ አንድ ጥያቄ አቀረብሁላቸው። «ኢትዮጵያ የአፍሪካን የእግር ኳስ ዋንጫ አንድ ጊዜ ብቻ ወስዳለች። በዚያን ቀን የቡድኑ አምበል ሆኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ማን ነው?» አልሁ።

የአውሮጳ ክለቦችን ተጫዋቾች ከነመለያ ቁጥራቸው የሚያውቁት ልጆች ዝም አሉ። አንዱ፣ «መንግሥቱ ወርቁ» አለ። መንግሥቱ ወርቁ ክብር የሚገባው ታላቅ ተጫዋች ነው፤ በዚያም ቀን ግብ አግብቷል፤ አምበሉ ግን እርሱ አልነበረም። «አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው» አልኋቸው። በዚህ ጊዜ ጠረጴዛውን የመታው ልጅ ሣቅ ብሎ፣ «እሱማ ጣልያን ነው፤ የእኛ ሰው አይደለም» አለኝ።

እኔም የምመልሰው ጠፋኝ። የጠፋኝ መልስ ስለሌለው አይደለም፤ ቃሉ የራሴ ስለ ነበረ ነው። ያንን ቃል በዚሁ በአሊዩ አምባ እኔ ራሴ ተናግሬው ነበር።

ጊዜው ጥር 1954 ዓ.ም. ነው። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከእኛ ጋር የሚማር፣ አባቱ ከጦርነቱ በኋላ በአገራችን የቀረ ኢጣልያዊ የሆነ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም፤ እናቱ ጠላ ሸጣ ታሳድገው ነበር። ልጁ ከሁላችን ይልቅ ንባብ ያውቃል። እኛ ግን በስሙ ጠርተነው አናውቅም፤ «የጣልያን ዲቃላ» እንለው ነበር። እርሱም ጭቅጭቅ አይወድም፤ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ነጋዴ ከላይ ከአንኮበር ሲወርድ ጋዜጣ ይዞ መጣ። መምህራችንም ጋዜጣውን ተቀብለው፣ እንደ ልማዳቸው ለዚያ ልጅ ሰጡትና ቆሞ እንዲያነብልን አዘዙት። ወሬው ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ማግኘቷን የሚናገር ነበር። ልጁ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ። ከሉቻኖ ቫሳሎ ስም ላይ ሲደርስ ግን ቆም አለና ደግሞ አነበበው። ያን ጊዜ ቀና ብሎ ሲቆም አየሁት። ከዚያ በፊት ቀና ብሎ ሲቆም አይቼው አላውቅም ነበር። እኔም ከወንበሬ ሆኜ፣ «ይሄማ የጣልያን ልጅ ነው፤ የእኛ ሰው አይደለም!» ብዬ ጮኽሁ። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ልጁም የቀረውን ሳያነብ ጋዜጣውን አጥፎ ለመምህሩ መለሰና ተቀመጠ። ዓመቱ ሲያልቅ እናቱ ይዛው ከአገራችን ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። እኔ ግን ወጊው ሆኜ ሳለሁ መርሳት ተስኖኝ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ።

እንግዲህ ስለዚያ «የእኛ ሰው አይደለም» ስለ ተባለው ሰው እውነቱን እንናገር።

ሉቻኖ ቫሳሎ በ1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935)፣ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በአሥመራ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። ሕፃን ሳለ ፋሽስቶቹ ስለ እርሱ ዓይነት ልጆች ሕግ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1937 ኢጣልያዊ ወንድ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት እስራት እንዲቀጣ ደነገጉ። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ኢጣልያዊ አባት ከጥቁር እናት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ከለከሉ። የዚያ ሕግ ፍሬ ነገር ሲጨመቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ይህ ልጅ የእኛ አይደለም» የሚል ነው። እኔስ በ1954 ዓ.ም. ምን አልሁ? ያው ቃል ነው። አባቶቻችን በዱር በገደል ተዋግተው ያባረሩትን ሕግ እኔ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ መልሼ አወጅሁት።

ሉቻኖ አድጎ በእግሩ ኳስ ስሙን አስጠራ፤ ለድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫወተ፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም አምበል ሆነ። ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን በግብፅ ተደጋግማ ተሸንፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ 4 ለ 0፣ በ1959 ካይሮ ላይ እንደ ገና 4 ለ 0 ተረታች። ከዚያ በኋላ ነው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የመጣው። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ጥምቀት ዓርብ ውሎ፣ ቅዳሜ ሚካኤል ገብቶ፣ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ግብፅ አንድ ጊዜ መራች፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ግብፅ ወዲያው ደግማ መራች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን ግብ አግብቶ አገሩን ከሽንፈት አወጣ። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2 ሆነ። አምበሉም ወጥቶ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ተቀበለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኢትዮጵያ ያንን ዋንጫ ወስዳ አታውቅም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 2013 ድረስ ለ31 ዓመት ወደ ውድድሩ መድረክ እንኳ አልደረሰችም።

ይህ ሰው በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በኢጣልያ ኖሮ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ እዚያው አረፈ። የዚያን ሳምንት በመንደራችን ስለ እርሱ አንድም ቃል ሲነገር አልሰማሁም፤ እኔም አልተናገርሁም።

አሁን ሰዎች የሚሰጡኝን ምክንያት አንድ በአንድ ልመልስ።

አንዳንዱ፣ «ኳስና ቦክስ ጨዋታ ነው፤ ለጨዋታ ይህ ሁሉ ሙግት ምንድን ነው?» ይለኛል። ጨዋታ ከሆነ ፋሽስቶች ፊልሙን ለምን ቆረጡት? ክፉዎች የጨዋታን ኃይል እኛ ደጎቹ ነን ከምንለው ይልቅ አስቀድመው ዐውቀውታል። ልጅ ማን መሆን እንደሚችል የሚማረው ሲያሸንፍ ካየው ሰው ነው። የዚያ ልጅ ቀና ብሎ መቆም ለዚህ ምስክሬ ነው።

ሌላው፣ «አባቱ የጠላት ወገን ነው» ይላል። አባቱን መርጦ የተወለደ ሰው ካለ ይምጣና ይፍረድበት። ልጅ በአባቱ ኀጢአት አይጠየቅም ስንል በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ተምረናል፤ ኳስ ሜዳ ላይ ሲሆን ግን ትምህርቱን እንረሳዋለን። ደግሞስ እናቱስ? ሰው ስንመዝን የአባትን ወገን ቈጥረን የእናትን ወገን የምንጥለው በምን ሚዛን ነው?

ሦስተኛው፣ «አሥመራ ዛሬ ሌላ አገር ናት» ይላል። እውነት ነው፤ ኤርትራ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ራሷን የቻለች አገር ናት። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. የገባው ግብ ለኢትዮጵያ ነው የገባው። ወሰን መሬትን ይከፍላል፤ የተደረገን ውለታ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሽረውም። «ዋንጫው የእኛ ነው፤ ያመጣው ሰው የእኛ አይደለም» ማለት እህሉን ወስዶ ገበሬውን ማባረር ነው።

አራተኛው፣ «እኛ እኮ እንደ ፋሽስቶች ፊልም አልቆረጥንም፤ ሰው አላሳደድንም» ብሎ ይከራከረኛል። ይህ ከሁሉ የበረታ ክርክር ስለሆነ በቅንነት እመልሰዋለሁ። በእርግጥ የእኛ በደል ከእነሱ በደል ጋር እኩል አይደለም። እነሱ በሕግና በመቀስ ሠሩት፤ እኛ በስንፍናና በዝምታ። እነሱ አዋርደው ደበቁ፤ እኛ አጨብጭበን ረሳን። በተረሳው ሰው ላይ የደረሰው ግን ምን ያህል ይለያያል? ያኮቫቺን የአባቱ አገር ረሳው፤ ቫሳሎን የእናቱ ወገን ረሳነው። ሁለቱም ባለድል ሆነው ሳሉ «የማን ነው?» ሲባል እጁን የሚያነሣ ጠፋላቸው። በፋሽስት ላይ መቈጣት ቀላል ነው፤ ፋሽስት ሩቅ ነው፤ ሞቷልም። በገዛ አፋችን ላይ መቈጣት ነው ከባዱ።

ደግሞም ከሰው ሁሉ ይልቅ ለእኛ ለአሊዩ አምባ ሰዎች ይህ ስሕተት ያሳፍረናል። ከተማችን ከአንኮበር ሥር፣ ደጋው ወደ አፋር ቈላ በሚወርድበት መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ባሕር የሚመጣው ቅፍለት ማረፊያው እዚህ ነበር። አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩ፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴ በአንድ ገበያ ዋለ፤ ተጋባ፤ ተዋለደ። እ.ኤ.አ. በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እዚህ ተቀምጦ ያየውን በመጽሐፍ ጽፏል። የከተማችን ስም ራሱ ምንድን ነው? አሊዩ የእስላም ስም ነው፤ አምባ የአማርኛ ቃል ነው። ሁለቱ ተጋብተው አንድ ስም ሆኑ፤ እኛም ይህን ስም ስንጠራ አፍረን አናውቅም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ተወልዶ «ክልስ ነው፤ የእኛ አይደለም» የሚል ሰው የገዛ ከተማውን ስም ማንበብ የተሳነው ነው። እኔ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ መሃይም ነበርሁ፤ ማንበብ ግን እችል ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ሐውልት አቁሙ አላልሁም፤ ገንዘብም አዋጡ አላልሁም። የ1954ቱን ዋንጫ ስታነሡ ያመጡትን ሰዎች ስም ሁሉ ጥሩ። ግርማ ተክሌን፣ መንግሥቱ ወርቁን፣ ኢታሎ ቫሳሎን ጥሩ፤ አምበሉን ሉቻኖ ቫሳሎንም ሳትዘሉ ጥሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ይህ የአፍሪካ ዋንጫ ሲመሠረት ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ መውጣቷንም አትርሱ፤ ያን ጊዜ ልትገጥም የነበረው ከእኛው ከኢትዮጵያ ጋር ነበር። ዘርን አልለይም ብሎ የተጀመረውን ዋንጫ በአምስተኛው ዓመት ለአገራችን ያነሣው ክልስ አምበል መሆኑ የሚደበቅ ሳይሆን የሚያስመካ ነው።

ሁለተኛም፣ ከመካከላችሁ አባቱ ያልታወቀ፣ መልኩ የተለየ፣ ወይም ስሙ ለጆሯችሁ እንግዳ የሆነ ልጅ ቢኖር፣ ቀና ብሎ በሚቆምበት ሰዓት አታስቀምጡት። ያን ሰዓት ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ ያገኘዋል? አንድ ቃል ብቻ ይበቃዋል፤ ለማስቀመጥም ለማቆምም።

በዚያ በሻይ ቤት ለልጁ ወዲያው ያልመለስሁለትን መልስ በሌላ ቀን መለስሁለት። አጠገቡ ተቀምጬ በ1954 ዓ.ም. የሠራሁትን ነገርሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ የዚያ ልጅ ስም ማን ነበር?» አለኝ። እኔም ስሙን ለመጥራት አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን ስሙን አላውቀውም። ሦስት ዓመት አብሬው ስማር አንድ ቀን እንኳ በስሙ አልጠራሁትምና።

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ስለዚህ ነው። የእርሱን ስም እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ የአምበሉን ስም ግን ገና ማትረፍ ይቻላል።